ጥቁር ጃኬት፣ ነጭ ሄልሜት

ብሩክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከጎንደር ነን። ዛሬ ስለ ሞተረኛ ልብስ ነው የምናወራው።

ትዕግሥት፦ ባለፈው ሳምንት ሊያስገድልህ ስለነበረው ልብስ በላቸው።

ብሩክ፦ እሺ ልናገር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ አንድ ሚኒባስ ድንገት ወደ ግራ ታጥፎ መንገዴን ዘጋው። በፍሬን ተረፍኩ። ሾፌሩ ወርዶ «በማርያም፣ አላየሁህም!» አለኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ በ6 ሰዓት!

ትዕግሥት፦ ምን ለብሰህ ነበር?

ብሩክ፦ ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሄልሜት። ሞተሩም ጥቁር ነው።

ትዕግሥት፦ ለቅሶ ልትደርስ ነበር እንዴ?

ብሩክ፦ ጥቁር ቆሻሻ አያሳይማ!

ትዕግሥት፦ አንተንም አያሳይ። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሞተረኞች ላይ የተሠራ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አንጸባራቂ ወይም ፍሎረሰንት፣ ማለትም ቦግ የሚል ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ፣ የለበሱት ላይ የጉዳት አደጋው 37 በመቶ ያነሰ ነበር። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት 24 በመቶ ያነሰ።

ብሩክ፦ እንግዲያው ቀይ ጃኬት ልግዛ?

ትዕግሥት፦ እሱ ነው የገረመኝ፤ የተራ ልብስ ቀለም ብቻውን ልዩነት አላሳየም። የሞተሩ ቀለምም እንዲሁ።

ብሩክ፦ ቀይ ሞተር ሊሸጥልኝ የነበረው ሰውዬ ይህን ይስማ።

ትዕግሥት፦ ፍሎረሰንት ግን ሌላ ነው። ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ይቀይረዋል፤ ቦግ የሚለው ለዚያ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ግን ሥራ ይፈታል። ማታ የሚያድንህ በአንጸባራቂ ሰደሪያ ላይ ያለው ብርማ መስመር ነው፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች የመኪናውን መብራት ወደ መጣበት ይመልሱታል።

ብሩክ፦ እኔ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ቦርሳ አነግትበታለሁ።

ትዕግሥት፦ ሸፈንከው በቃ። አቧራ ሲቅመውም ያው ነው፤ ጠረግ ጠረግ አድርገው።

ብሩክ፦ መስከረም ላይስ? ዳር ዳሩ ሁሉ አደይ አበባ ሲሆን ቢጫ ሰደሪያ ምን ይለያል?

ትዕግሥት፦ ያኔ ብርቱካንማው ይሻላል። ዋናው ከኋላህ ካለው ነገር መለየትህ ነው። ለጥምቀት ከተማው በነጭ ሲጥለቀለቅ ነጭ ሄልሜትም ከነጠላው ጋር ይቀላቀላል።

ብሩክ፦ ሾፌሩ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር፣ ዓይኑን አይቼዋለሁ።

ትዕግሥት፦ ዞሮ አለማየት አለ። ሰው መንገድ ሲገባ የሚፈልገው መኪና ነው። ሞተር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቀጥታ ወደ ዓይኑ ሲመጣ ቦታ የቀየረ አይመስለውም፣ ያለበትንም ርቀት ያበዛዋል። እኔ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ ከመስመሬ ሳልወጣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ብሩክ፦ መብራትስ?

ትዕግሥት፦ እዚያው ጥናት ላይ ቀን መብራት ያበሩት 27 በመቶ ያነሰ አደጋ ነበረባቸው።

ብሩክ፦ እዚህ ቀን መብራት ካበራሽ ከማራኪ እስከ ፒያሳ ሰው ሁሉ በእጁ «አጥፊው፣ አጥፊው» ይልሻል እኮ!

ትዕግሥት፦ አይቶኛል ማለት ነዋ። እጄን አውለብልቤለት አልፋለሁ።