ሳጥኑ ራሱ ስንት ይመዝናል? የመጀመሪያ ዝግ የመኪና ተሳቢ ስትገዙ

[መክፈቻ፦ አቅራቢው ባዶ ተሳቢ ውስጥ ቆሟል፤ ድምፁ ያስተጋባል]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ማሚቶው ይሰማችኋል? ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው የቆምኩት። ሰው የመጀመሪያ ዝግ ተሳቢውን ሊገዛ ሲሄድ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ይገባል፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ እጁን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ «ኧረ ሰፊ ነው!» ይላል፣ ይከፍላል። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። እና ዛሬ የምነግራችሁ አብዛኛውን በገዛ ገንዘቤ የተማርኩት ነው።

ዝግ ስል ግድግዳና ጣሪያ ያለውን፣ መኪናዋ በራምፕ ተነድታ የምትገባበትን ተሳቢ ማለቴ ነው። ክፍት ይሻላል ዝግ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እሱ ላይ አንድ ሙሉ ቪዲዮ ሠርቼ ግማሻችሁ ተቀይማችሁኛል። ዝጉን ወስናችኋል ብዬ ልጀምር።

አንዲት ጥያቄ ነው ያለችኝ። ርዝመቱን አልጠይቃችሁም። ቀለሙንም አልጠይቃችሁም። ሳጥኑ ራሱ ስንት ይመዝናል?

[ምስል፦ የሰው ሚዛን ላይ የቆመ ሻንጣ]

ሻንጣ። ይሄን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ ታገሱኝ። አውሮፕላን የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ፤ 23 ኪሎ ተፈቅዶላችኋል። ሱቅ ሄዳችሁ ትልቁን፣ ደረቁን፣ ባለ አራት ጎማውን፣ «ይሄ ሁሉንም ይውጥልኛል» ያላችሁትን ገዛችሁ። ቤት አመጣችሁ። ልብሱ ገባ፣ ጫማው ገባ፣ ሰው አድርስልኝ ብሎ የሰጣችሁ አደራ ገባ፣ አሁንም ቦታ አለ! ዚፑ ሳትቀመጡበት ተዘጋ። እንዴት ደስ ይላል።

ማታ ላይ ሻንጣውን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ትወጣላችሁ። ሻንጣው ስለሚጋርዳችሁ ቁጥሩ አይታይም፣ ሰው ጠርታችሁ ታስነብባላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ትቀንሳላችሁ። እዚህ ላይ የራሱን ኪሎ አሳንሶ የሚናገር አለ፣ እኔን ጨምሮ። ውሸቴ ሻንጣውን እያከበደው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብቻ ቁጥሩ ወጣ፦ 28! ከየት መጣ? ሁሉንም አውጥታችሁ ባዶውን ስትመዝኑት 6 ኪሎ። ሻንጣው ራሱ፣ ገና ምንም ሳይገባበት፣ ከ23ቱ 6ቱን በልቶታል። ለእናንተ የቀረችው 17 ናት።

ያልመዘነውስ? እሱ መቆጣሪያው ፊት ተንበርክኮ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየው፣ ሁለት ጃኬት ደርቦ ይለብሳል።

ሆዱና አቅሙ ለየብቻ ናቸው። ሆዱን ዓይናችሁ ያየዋል። አቅሙን የሚነግራችሁ ሚዛን ብቻ ነው። ዝግ ተሳቢ ማለት ትልቅ ደረቅ ሻንጣ ማለት ነው፣ አለቀ። ባዶ ሆኖ ሰፊ ይመስላል። መኪና፣ መሣሪያ፣ ክሪክ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ወንበር ያስገባል። ቦታ አለው። ቦታማ ሞልቷል።

[ምስል፦ ተሳቢው ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ በቅርበት]

ቁጥሩን ላሳያችሁ። ሰሌዳዋ ላይ ጠቅላላ የሚፈቀድ ክብደት ተጽፏል፤ ሳጥኑም ጭነቱም አንድ ላይ፣ ማለትም 23ቱ። በሰሜን አሜሪካ ገበያ ብዙ የምታዩት ጀማሪ ተሳቢ ሁለት አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ የሚገጠሙበት አግዳሚ ብረት፣ አለው፤ እያንዳንዱ 3,500 ፓውንድ ይችላል። ሁለቱ 7,000 ፓውንድ፣ ወደ 3,175 ኪሎ። 24 ጫማ ርዝመት፣ ማለትም ወደ 7.3 ሜትር ያለው የብረት ሳጥን ባዶውን 1,700 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቀንሱ። 1,475 ኪሎ። መካከለኛ የቤት መኪና ዛሬ 1,500ም 1,600ም ኪሎ ትመዝናለች። አያችሁ? መኪናዋ ብቻዋን ገብታ አልፏል! መሣሪያ ሳጥኑ ገና ውጭ ነው፣ ስኮርታው ገና ውጭ ነው።

ሻጩን ብትጠይቁት «መኪና ይችላል ወይ?» ብላችሁ፣ «ኧረ በደንብ!» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ትገባለች። የጠየቃችሁትን ነው የመለሰው። ጥያቄያችሁ «ከባዶው ላይ ስንት ኪሎ ልጫን?» ይሁን።

ለዚህ ነው 5,200 ፓውንድ የሚችሉ አክስሎች ያለውን ፈልጉ የምለው። ጠቅላላው ወደ 4,500 ኪሎ ይደርሳል፣ ሳጥኑ ትንሽ ቢከብድም ከ2,500 ኪሎ በላይ ይተርፋችኋል። ወይም ሳጥኑን አሳጥሩ። ወይም ሻሲው አሉሚኒየም የሆነውን፤ ይቀላል፣ አይዝግም፣ ዋጋው ግን... ዋጋውን ቁጭ ብላችሁ ስሙት። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በተራ መኪና የሚጎተት ተሳቢ ከነጭነቱ 3,500 ኪሎ ላይ ስለሚቆም፣ ሳጥኑን ማቅለል ለእናንተ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

አገልግሎት ላይ የዋለ ከሆነ ሰሌዳውንም አትመኑ። የቀድሞው ባለቤት ቁም ሳጥን ገጥሞበታል፣ ዊንች ብሎኖበታል፣ ወለሉን ደርቦበታል። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጡት።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የተከፈተ ኮመንት፣ ስሙ ተሸፍኗል]

እሺ፣ እዚህ ላይ ቀጥታ ወደ በሩ ልሄድ ነበር። ግን ያለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ወንድማችን የጻፈው ነገር አላስተኛኝም። ላንብበው፦ «ወንድሜ ታጋንናለህ። ተሳቢው የራሱ ጎማ አለው። ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ ነው፣ መኪናዬ ምን ቸገራት?» ከስሩ ደግሞ «እውነት ነው» «እውነት ነው» የሚል ሰልፍ።

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንዴ ከተንከባለለ በኋላ፣ አዎ፣ ብዙ አይከብድም። ግን ዳገት ይመጣል። በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ 3,000 ኪሎ ተሳቢ ወደ ኋላ በ150 ኪሎ ያህል ይጎትታችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያው 150 ከኋላ ይገፋችኋል። ጎማ መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል? ጎማ ስላለው እኮ ነው የሚገፋው!

ማቆምም አለ። መኪናችሁ 2,500 ኪሎ ብትሆን፣ ከኋላዋ 3,000 ስትቀጥሉባት፣ በዚያው ፍጥነት ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው፣ በሁለቱም አክስል።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ጎማዎቹ ሁሉንም አይሸከሙም! ባለ ሁለት ጎማ ሻንጣ አዘንብላችሁ ስትጎትቱ እጃችሁ ላይ የሚያርፍ ክብደት የለም? አለ። ተሳቢም እንደዚያው አፍንጫው መጎተቻ ኳሱ ላይ ይጫናል። በሰሜን አሜሪካ የሚመከረው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በአውሮፓ ተሳቢውም መጎተቻውም በሌላ ሂሳብ ስለሚሠራ ያንሳል። ለ3,000 ኪሎ 15 በመቶ ብትሉ 450 ኪሎ። እሱ ከመኪናችሁ የመሸከም አቅም ላይ ይቀነሳል፤ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከሻንጣው ጋር። አዎ፣ ሻንጣው ተመልሶ መጣ።

«እንግዲያው ጭነቱን ወደ ኋላ ልግፋው፣ አፍንጫው ይቅለል» የሚል ደግሞ ይኖራል። አውቃችኋለሁ። እዚህ ላይ የሻንጣው ምሳሌ ያበቃል፣ አሻንጉሊት ላምጣ።

[ምስል፦ የመሮጫ ማሽን ላይ የታሰረች አሻንጉሊት መኪና ከነተሳቢዋ]

ይቺ ብረት ጭነታችን ትሁን። ተሳቢዋ ውስጥ ከፊት አስቀመጥኳት። በጣቴ ነካሁት፤ ተወዛወዘ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ቆመ። አሁን ብረቷን ከአክስሉ ኋላ። ነካሁት። ተወዛወዘ... ጨመረ... ጨመረ... ጋጭ! መኪናዋንም ይዟት ወደቀ። ጣቴ እኮ በእኩል ነው የነካው። መንገድ ላይ ጣት የሚሆነው በጎናችሁ የሚያልፈው ከባድ መኪና ነው፣ ወይም የጎን ነፋስ። የዝግ ተሳቢ ጎን ደግሞ ግድግዳ ነው፣ ነፋሱ ይወደዋል።

ከተወዛወዘባችሁ ነዳጅ ሰጥቼ ላቃናው አትበሉ፣ ይሄንንም የጻፋችሁልኝ አላችሁ። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ጎታቿ መኪና ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ በእጅ ያዙት። ከዚያ ቆማችሁ ጭነቱን አስተካክሉ። ሞተሯ ከፊት የሆነ መኪና ፊቷን ይዛ ትግባ፤ ሞተሯ ከኋላ ከሆነ በኋላዋ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል። ልኩን አንዴ ካገኛችሁ ጎማዎቹ ያረፉበትን ወለሉ ላይ በቀለም አስምሩ።

ያ ወንድማችን እያየህ ከሆነ አልተቀየምኩህም። ሰብስክራይብ ግን አድርግ፣ አላደረግክም፣ አይቻለሁ።

[ምስል፦ የጎማው ጉብታ እና የተከፈተ የመኪና በር]

አሁን በሩ። የኔ ውርደት። ተሳቢዬን የገዛሁ ቀን መኪናዋን ቀስ ብዬ ነዳሁና አስገባኋት፣ ልክ ገባች፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ በሩን ከፈትኩ፤ ጓ! የተሳቢው ጎማ ያለበት ቦታ ውስጥ በኩል ጉብታ አለ፣ የበሩ የታችኛው ጠርዝ እሱን መታ። የተከፈተችው ቀዳዳ እጄን ታሾልካለች፣ ሆዴን አታሾልክም። መኪናዬ ዝቅ ያለች ናት። ስልኬ ውጭ ነው። መስኮቱን አወረድኩ፣ ጭንቅላቴን አወጣሁ፣ ትከሻዬ ወጣ፣ የሱሪዬ ቀበቶ የበሩን መቆለፊያ ያዘና እዚያው ተንጠለጠልኩ፤ ግማሼ መኪና ውስጥ፣ ግማሼ ኮምፔንሳቶ ግድግዳውን አቅፎ። ጎረቤቴ መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ፎቶ ማንሳት ነው።

ከውጭ 2.59 ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ በጉብታዎቹ መካከል የሚተርፈው 2.07 ሜትር አካባቢ ነው። 1.85 የሆነች መኪና ስታስገቡ በየጎኑ 11 ሳንቲ ሜትር። ስፖኪዮውን አትርሱ። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ በጉብታዎቹ መካከል ለኩ፣ የመኪናችሁ በር ስር ከመሬት ስንት ከፍ እንደሚል ቤት ለክታችሁ ሂዱ። ከሹፌሩ በኩል ግድግዳው ላይ የሚከፈት የማምለጫ በር ያለው ካገኛችሁ ጨምራችሁ ግዙት። ከሁሉም ጌጣጌጥ፣ ከመብራቱ፣ ከሥዕሉ፣ እሱ ይበልጣል።

የቀረውን በፍጥነት፣ መሠረቱን ስለምታውቁት። የአክስሉ ማለስለሻ ባሌስትራ ይሁን ወይስ ቶርሽን፣ ማለትም አክስሉ ውስጥ ያለ ላስቲክ? ባሌስትራ በየትም ይጠገናል፤ ቶርሽን ይለሰልሳል፣ ሳጥኑንም ዝቅ ያደርገዋል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ከሆነ መቆጣጠሪያው ጎታቿ ውስጥ ይገጠማል። ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬኑን ራሱ የሚይዘው ገመድና ባትሪ ይሥራ፣ ገመዱን ስባችሁ ሞክሩት። የወለሉ ብረቶች ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ60ው ይሻላል። ማሰሪያ ቀለበቶቹ ከሻሲው ብረት ጋር ይታሰሩ፣ ኮምፔንሳቶ ላይ ብቻ የተበሎነ ቀለበት ጌጥ ነው። የሳጥኑ የፊት ግድግዳ ሹል ከሆነ ነዳጅ ይቆጥባል ለሚሉኝ፦ እኔ የምወደው ለመሣሪያ ማስቀመጫ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው እግራችሁ ነው፤ ከ80 ወደ 100 ስትወጡ የነፋሱ ግፊት በ56 በመቶ ይጨምራል። ተነፈስኩ።

[ምስል፦ በሩ ተዘግቶ ጨለማ፤ ጣሪያው ላይ ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች]

ያገለገለ ስታዩ በቀን ሂዱ፣ ውስጥ ግቡ፣ «ዝጋብኝ» በሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ይኸው፣ እዩዋት፣ ጥግ ላይ እንደ ኮከብ የምታበራው! እሷ ቀዳዳ ናት። ብርሃን ከገባ ውሃ ገብቷል። ካልታየም አሽትቱ፤ እርጥብ እንጨት ራሱን አይደብቅም። ከዚያ ጠመንጃ መፍቻ ያዙና ራምፑ አጠገብ ያለውን ወለል ወጋ ወጋ አድርጉ። የሚበሰብሰው መጀመሪያ እዚያ ነው። ጠንካራ ከሆነ ይመልሳችኋል፣ ከሰመጠ ዋጋ ቀንሱ ወይ ውጡ።

ጎማውን በጥርሱ አትፍረዱት። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ከአምስት ስድስት ዓመት ካለፈ የአራቱንም ዋጋ ሂሳባችሁ ላይ ደምሩ። ገዝታችሁ ስትወጡ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና የቸርኬውን ዳዶ ሁሉ በልኩ ዳግም አጥብቁ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ላይ መኪናዋን ውስጥ እንዴት እንደምናስራት አሳያችኋለሁ። ጎረቤቴም ይመጣል፣ ፎቶውን ይዞ።