የተቃወመ አባል ስሙ ይመዝገብ

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ የምክር ቤት አባላትና ተማሪዎች፤

የተጠራሁት ስለ ምክር ቤት አሠራር በጥቅሉ እንድናገር ነው። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ላይ እቆያለሁ፤ የፓርቲውን አቋም ተቃውሞ ድምጽ የሰጠ አባል ስሙ በመዝገብ መስፈር አለበት።

የካቲት 23 ቀን 2010ን ታስታውሳላችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያቸውን ባሳወቁ ማግስት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ ይዘዋቸው ነበር። አዋጁ እንዲጸና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሁለት ሦስተኛ ድምጽ ይጠይቃል፤ ከ547 ሲሰላ 365፣ ክፍት ወንበሮች ተቀንሰው ከ539 ቢሰላ እንኳ 360 መሆኑ ነው። እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ። 7 ድምጸ ተአቅቦ፣ 88 ተቃውሞ። አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ አባል በሌለበት አዳራሽ 88 እጅ! መጀመሪያ የተሰማው የድጋፍ ቁጥር 346 ነበር፤ አይበቃም። ቆየት ብሎ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ልዩነቱ 49 እጅ ነው። የዜጎችን መብት በሚገድብ አዋጅ ላይ 49 እጅ እንዴት ይሳሳታል? የወረደ እጅ ተመልሶ አይቆጠርም፤ በስም የተመዘገበ ድምጽ ግን ይቆጠራል። እነዚያ 88 ሰዎችስ እነማን ናቸው? መራጫቸው ሊያመሰግናቸውም ሆነ ሊወቅሳቸው ስማቸውን ማወቅ አለበት!

አንቀጽ 54 አባሉ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም! በሰጠው ድምጽ አይከሰስም፤ አመኔታ ነፍጎ የሚያስነሳውም የመረጠው ሕዝብ ነው። ፓርቲው በሚቀጥለው ምርጫ እጩ ሳያደርገው ይቀር ይሆናል። ብዙው አባል ሆድ ይፍጀው ብሎ እጁን የሚያወጣው ይህንን ፈርቶ ነው።

በብሪታንያ አባላቱ በድጋፍና በተቃውሞ መተላለፊያ ለየብቻ ያልፋሉ፤ ስማቸው ተመዝግቦ ይታተማል። በፈረንጆቹ መስከረም 3 ቀን 2019 የገዥው ፓርቲ 21 አባላት በአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ከመንግሥታቸው በተቃራኒ ቆሙ፤ ውጤቱ 328 ለ301 ሆነ። ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ታገዱ፤ የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም አንዱ ነበሩ። ወንበራቸውን ግን ማንም አልነጠቃቸውም። በፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ለ10ሩ እገዳው ተነሣ።

በጀትን በመሰለው ጉዳይ ፓርቲ አባላቱን ማሰለፉን አልቃወምም፤ ያለዚያ መንግሥት አይቆምም። ሁለት ሦስተኛ በሚጠይቅ ውሳኔ ላይ ግን የእያንዳንዱ አባል ስም ይጠራ። ለአንድ ስም አምስት ሰከንድ ቢፈጅ፣ 547 ስም በ46 ደቂቃ ያልቃል። አባሉ በድምጹ ይመልስ፤ ሁለት ጸሐፊዎች ለየብቻ ይመዝግቡ። ሁለቱ መዝገቦች ሳይመሳከሩ አፈ ጉባኤው ውጤት አያንብቡ፤ ዝርዝሩም በዚያው ዕለት ይፋ ይውጣ።