ዘጠነኛው ጥያቄ

(ጳጉሜ 5 ቀን በሐዋሳ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ራስን ማጥፋትን የመከላከያ ቀን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 10 ይታሰባል። በእኛ ጳጉሜ 5፣ አብዛኛውን ጊዜ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ይውላል። አዘጋጆቹ ስለ ሥራ ዘመኔ እንድናገር ጠይቀውኛል፤ ብዙዎቻችሁ ግን አብራችሁኝ ስለነበራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ጥያቄ ልናገር ነው።

ድባቴን የምንለካበት መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም ይጠይቅና መጨረሻ ላይ፣ ባለፉት 2 ሳምንታት «ብሞት ይሻለኛል» ብለው ወይም ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? ይላል። የመጀመሪያ ጥናቴን ለፈቃድ ሳቀርብ ኮሚቴው ስምንቱን አጽድቆ ዘጠነኛውን ሰረዘ። «ያላሰበውን ሰው ልታሳስበው ነው» ተባልኩ። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር በተደጋጋሚ መረጋገጡን እያስረዳሁ ሰባት ወር ተመላለስኩ።

ፈቃዱ ሲገኝ ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከታቦር ተራራ ግርጌ የተሰበሰበውን ወረቀት ሳገላብጥ፣ አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ዘንድ የዘጠነኛው ጥያቄ መልስ ሁሉም «በፍጹም» ሆኖ አገኘሁት። ከአርባ ሰው አንድ እንኳ? ጠራኋት። አቀርቅራ፣ «መምህር፣ አልጠየቅኩም። እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ቡና አፍልተው እየቀዱልኝ፣ እንዴት ብዬ ሞት ተመኝተዋል ወይ ልበላቸው?» አለችኝ። ልቆጣት አልቻልኩም። እኔም ያደግሁት እንዲህ ያለ ነገር በስሙ በማይጠራበት ቤት ነው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። እማማ ሁለተኛውን ሊቀዱ ጀበናውን አንስተዋል። ልጅቷ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ጠየቀቻቸው። ጀበናውን መልሰው ማቶቱ ላይ አስቀመጡት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና «ማን ነገረሽ?» አሏት።

ማንም አልነገራትም። ጠየቀቻቸው፣ በቃ። እስከ ቀትር ተቀምጠን ሰማናቸው፤ እህታቸውን አስጠርተን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይዘናቸው ሄድን። ዛሬ በሕይወት አሉ። ይህንን እንድናገር የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው።

እስቲ እንተማመን! በዚህ ከተማ ስንት ለቅሶ ተቀምጠን «በድንገተኛ ሕመም» ሲባል እያወቅን ራሳችንን ነቅንቀናል? መዝገቡ «መመረዝ» ብሎ ያልፋል፤ ዕድሩ «ድንገተኛ» ይላል፤ ድንኳኑ ያንሾካሹካል። ሟቹን ከሐሜት የሸፈንን ይመስለናል። ወንድሙስ? ያው ሐሳብ ይዞት እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ይህ ነገር እዚህ ቤት እንደማይወራ ከእኛ ከትልልቆቹ እየተማረ አይደለም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት መንስኤ ነው። እያንዳንዱን በሌላ ስም እየቀበርን የእኛን ማን ይቁጠር?

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ራስን የማጥፋት ምጣኔዋ በ70 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ምርቷም በዚህ አልተጎዳም። ዙሪያችን እርሻ ነውና የግብርና ባለሙያዎች ይህንን አጥኑልን። ጋዜጠኞች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እንዴት እንደሞተ አትዘርዝሩ፤ የት እርዳታ እንደሚገኝ ጻፉ።

ከመካከላችን ይህ ሐሳብ የያዘው ካለ፣ ስብሰባው ሲያልቅ እኔም የሆስፒታል ባልደረቦቼም በሩ አጠገብ አለን። ብቻህን ወደ ቤት አትሂድ፤ ብቻሽን አትሂጂ።

ያቺ መረጃ ሰብሳቢ ዛሬ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿን ይዛ ከፊቴ ተቀምጣለች። ታሪኩን ስነግራችሁ ፈቅዳልኝ ነው። ልጄ፣ እስቲ ተነሺና ይዩሽ።