በጨው ሜዳው ላይ የእኛም መኪና
(ለመካኒኮች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ የደረሳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ሙያውን ያስተማራችሁን አባቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ከሻይ በኋላ ያቀርባሉ። እኔ ባለፈው ነሐሴ በአሜሪካዋ ዩታ ያየነውን ልንገራችሁና አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

እንደምታውቁት ሦስት ሆነን፣ አንድ አሜሪካዊ ወዳጃችን በቤቱ ጓሮ የሠራትን የውድድር መኪና ልናግዝ ቦንቪል፣ መኪኖች የፍጥነት ሪከርድ ለመስበር የሚሮጡበት የጨው ሜዳ፣ ሄደን ነበር። ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የፎርድ ፍላትሄድ ቪ8 ነው፤ ከ1932 እስከ 1953 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ነው የምጠራው) ለአሜሪካ መኪኖች የተሠራው፣ ቫልቮቹ በሞተሩ ክዳን በቴስታታው ሳይሆን በሞተሩ አካል በብሎኩ ውስጥ ያሉት። ሲወጣ ጉልበቱ 65 ፈረስ ብቻ ነበር። ጠባዩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጭሱ የሚወጣው ብሎኩን አቋርጦ፣ በውሃው መሐል አልፎ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ጉልበት በጨመራችሁለት ቁጥር ይብስበታል።

እዚያ ሪከርድ በአንድ ሩጫ አይሰበርም። መጀመሪያ ከነባሩ ሪከርድ በላይ መሮጥ ግድ ነው። ከዚያ መኪናዋ ወደተከለለ ግቢ ትገባና 4 ሰዓት ይሰጣችኋል፤ መፍታትም ማሰርም በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት ትደግማላችሁ፣ የሁለቱ ሩጫ አማካይ ይያዛል።

የመጀመሪያውን አለፍን። ተቃቅፈን ጨፈርን። ግቢው ገብተን ዘይቱን ስናወርድ ግን ወተት እንደገባበት ቡና ገርጥቶ ወረደ። ውሃ ገብቶበታል። ወዳጃችን ብሎኩ የተሰነጠቀ መስሎት ጨው ላይ ቁጭ አለ።

አብረውን የነበሩት ጋሼ፣ ስሜን እንዳታነሳ ስላሉኝ አላነሳም፣ ቴስታታው እስኪወርድ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲወርድ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ጥፍራቸውን በብሎኩ ፊት ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት። በሁለቱ መካከለኛ ሲሊንደሮች መሐል፣ አንድ የቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ሲደርሱ ጥፍራቸው ተደናቀፈ። «ስንጥቅ አይደለም። ቡሎኑ ብረቱን ስቦ አንስቶታል፤ በብሎኩና በቴስታታው መሐል ያለው ጓርኒሲዮን የተበላው ለዚህ ነው» አሉ። ሰፊ ሞረድ ተቀብለው፣ ቀጥ ያለ ብረት እያስጠጉ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ ሞረዱት። ዕድሜያቸውን እዚያ ሜዳ ላይ የፈጁ ሰዎች ዙሪያቸውን ከበው በዝምታ ያዩ ነበር። ሰዓቱ ሳያልቅ ሞተሩ ተነሣ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልደብቃችሁም።

በማግስቱ ሪከርዱ አልተሰበረም። ጨው ሌሊቱን እርጥበት ጠጥቶ አድሮ ጎማው ይንሸራተት ነበር፤ አማካዩ ጥቂት ጎደለ። ሞተሩ ግን ከዳር ዳር ጠብታ ውሃ ሳያፈስ ሄደ።

ሐሳቤ ይኸው ነው፤ የራሳችንን መኪና እንሥራ። ከ1935 በፊት ለተሠሩ ባለ አራት ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተሮች የተለየ ምድብ አለ። የፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር እዚያ ይገባል፤ 3.3 ሊትር፣ 40 ፈረስ። ብሮንዚኑ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ኮሎው) የሚያርፍበት ማለት ነው፣ ተገዝቶ የሚገጠም አይደለም። ነጩ ብረት ቀልጦ በብሎኩ ላይ ይፈሳል፣ ከዚያ ኮሎው እስኪቀመጥ በእጅ ይፋቃል። ይህን ሥራ አዲስ አበባ በልጅነታቸው የሠሩ አባቶች ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። እኛ ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ ኮምፒውተር ሰክተን ኮድ ማንበብ ነው የለመድነው።

ቆርቆሮ የምትመቱ ባትላሜዎች ደግሞ ይህ የሞተር ሰዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ሞዴል ኤ አዲስ ሳለ በሰዓት 65 ማይል ግድም ይሄዳል። 130 እንዲደርስ የአየሩን ግፊት ለማሸነፍ ብቻ 8 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። 8 እጥፍ ከዚያ ሞተር አይገኝም። ስለዚህ አፍንጫዋን የሚያሾል፣ ሆዷን የሚያስተካክል፣ ቆርቆሮውን ያለ ጭረት የሚመታ ሰው ከሞተሩ ሰው እኩል ያስፈልገናል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር እንደ ቦታው ከፍታ ይስተካከላል፣ እሱ ግን አያስጨንቀኝም፤ ሜዳው ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ያህል ነው፣ ድሬዳዋ በሉት። ለድሬዳዋ ካርቡራቶር ያስተካከለ ሰው እዚህ ሞልቷል።

«ገንዘቡስ?» ያላችሁኝ አላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለታመመና ለተቸገረ አባል የተቀመጠው ገንዘብ አይነካም። መዋጮው በፈቃድ፣ ሒሳቡም ለብቻው ይሆናል። የሾፌሩ ደህንነት ግን፣ ከብረት ክፈፉ እስከ እሳት መከላከያ ልብሱ፣ ርካሽ አይፈለግለትም።

የኒውዚላንዱ በርት ሙንሮ 1920 የተሠራ ኢንዲያን ሞተር ሳይክል ይዞ፣ ፒስተኑን ራሱ እያቀለጠ እየሠራ፣ በ1967 በ68 ዓመቱ እዚያው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ180 ማይል በላይ ሮጦ ሪከርድ ይዟል። ጋሼ ከእሱ በ8 ዓመት ይበልጣሉ። ጨዉም ቢሆን እየሳሳ ነው፤ በ2014፣ በ2015ና በ2022 ሜዳው አልመች ብሎ የነሐሴው ውድድር ተሰርዟል። ለዚህ ነው ለሚቀጥለው ጉባኤ እንዳናሳድረው የምለምናችሁ።

ድምፅ የምንሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ አባላችን የለገሰን የሞዴል ኤ ብሎክ አለ። ዝገቱ ገና አልተጠረገም። ጋሼ ምሳ እንደበላን አጠገቡ ይቆማሉ፤ ወጣቶች ቅደሙ፣ ጥፍራችሁን አስኬዱበት።