ድንጋዩ ይጠጣል ወይ? ስለ ድንጋይ ማቅለም ከአድማጮች የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ድንጋይ መቁረጥና መወልወል ከወደዱ አድማጮች የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

«ወንዝ ዳር አንድ እንግዳ ድንጋይ አገኘሁ። ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ ቡናማ ጅማት መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ቆርጬ የልብስ ቀለም ውስጥ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል፣ ግማሹ ግን ንክች አላለውም። የገዛሁት ቀለም መናኛ ነው ወይስ ምንድን ነው?»

ቀለሙን አይውቀሱት። ቀለሙ መናኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን ላይ እኩል ይደበዝዝ ነበር። ልዩነቱ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው።

ድንጋይ የሚቀለመው ቀዳዳ ካለው ብቻ ነው። በዓይን የማይታይ፣ ግን ፈሳሽ የሚያስገባ ቀዳዳ ማለቴ ነው። እኛ በመንደር ቋንቋችን «ይጠጣል ወይ?» ነው የምንለው። ከመዘፍዘፍዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ። ያልተቀለመ፣ በደንብ የደረቀ ቁራጭ ይውሰዱ። ገና ያልተወለወለ ገጹ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉ። ከዚያ እጅዎን ሰብስበው ይመልከቱ። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ድንጋዩ አይጠጣም። ቀስ እያለ ጠፍጠፍ ብሎ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቻ ትቶ ከጠፋ፣ ይጠጣል። ሚዛን ካለዎትማ የበለጠ ነው። ደረቁን ይመዝኑ፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፣ ላዩን ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። የጨመረው ክብደት የጠጣው ውሃ ነው።

ለግማሽ ግማሹ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፣ ድንጋዩ ሁለት ዓይነት ማዕድን ይሆናል። በቢላ ጫፍ ሁለቱንም ጎን ጫር ያድርጉ። አንዱ ከተጫረና ሌላው ቢላውን ካንሸራተተ ነገሩ አለቀ፤ ሁለት ናቸው። አቼቶም ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት (እብነበረድ የተሠራበት ዓይነት ማዕድን) አለው ማለት ነው። ወዲያው ካላወጣ ትንሽ ዱቄት ፍቀው ዱቄቱ ላይ ይሞክሩ፣ አንዳንዱ ዓይን አፋር ነው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የመጋዝዎ ማቀዝቀዣ ዘይት ከሆነ፣ ድንጋዩ ከቀለሙ በፊት ዘይቱን ጠጥቶ ጠግቧል። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ሃውላይት የሚባለውን ነጭ ድንጋይ በዘይት መጋዝ ቆርጬ፣ ሳምንት ሙሉ ዘፍዝፌ፣ ጅራፍ የበላ የሚመስል ሽንትር ሽንትር ቀለም አወጣሁ። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የሚቀለም ድንጋይ በውሃ ይቆረጣል። ውሃው ብናኙንም ያስቀርልዎታል፤ የድንጋይ ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው።

«ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚይዝልኝ። ስወለውለው ተፍቆ ይሄዳል። ጠልቆ እንዲገባ ምን ላድርግ?»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብዎታል ብዬ እጠረጥራለሁ። መጀመሪያ ቅርጹን ይጨርሱ። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ደቃቁ ድረስ ያለስልሱት። ከዚያ ያቅልሙ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ስስ ውልወላ ብቻ ይሁን።

ሌላው ዘዴ ሙቀት ነው። ድንጋዩን ከ100 ዲግሪ በታች፣ ለሰዓታት፣ ቀስ ብለው ያድርቁት። ቸኩለው እሳት ላይ እንዳይጥሉት፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል። ሞቅ እንዳለ ሞቅ ያለ ቀለም ውስጥ ይክተቱት። አብረው ሲቀዘቅዙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተርና ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በአልኮል የሚሟሟ ቀለም ከሆነ ደግሞ በውሃ ከሚሟሟው ይልቅ በቀላሉ ይሰርጋል። አልኮሉን ግን ምድጃ አጠገብ አያድርሱት። ያለ እሳት ዘፍዝፈው ዕቃውን ይክደኑት።

ከዚያ ትዕግሥት። እንደ አጌት (ሽንትር ሽንትር ያለው የኳርትዝ ዓይነት) ያለ ጠጣር ድንጋይ ሳምንታት ይፈልጋል። ምን ያህል እንደገባ ማወቅ ከፈለጉ አንድ ቁራጭ መሥዋዕት ያድርጉ። ለሁለት ሰንጥቀው ጠርዙን ይዩት። ያሳዝናል፣ ግን ከግምት ያድናል።

«ድንጋይ በስኳርና በአሲድ ይጠቁራል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? የመኪና ባትሪ አሲድ አለኝ።»

እውነት ነው፤ ደግሞም የቆየ ጥበብ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ድንጋይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ማር ውስጥ ስለመቀቀል ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢዳር ኦበርሽታይን የምትባለው የጀርመን ከተማ በአጌት ማቅለም ስሟ ገነነ። ገበያ ላይ «ጥቁር ኦኒክስ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ድንጋይ በዚህ መንገድ የጠቆረ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጌቱ የስኳር ውሃ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ስኳሩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ድንጋዩ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይዛወራል። አሲዱ ከስኳሩ ውሃውን ይነጥቀዋል፤ የሚቀረው ካርቦን ነው። ጥቁሩ ቀለም እንግዲህ እዚያው ድንጋዩ ሆድ ውስጥ የተወለደ ጥቀርሻ ነው ማለት ይቻላል። የሚያምረው ነገር ደግሞ ሁሉም ሽንትር እኩል አለመጥቆሩ ነው። ድፍን የሆኑት ነጭ ሽንትሮች ስኳሩን ስላልጠጡ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ባትሪዎ አሲድ። አልመክርዎትም። ሥራውን በደንብ የሚሠራው የተጠናከረና የሞቀ አሲድ ነው፤ እሱ ደግሞ ቆዳና ዓይን አይምርም። ጭስ ማውጫ፣ መነጽር፣ ጓንትና የሚያውቅ ሰው ከሌለ ይቅርብዎ። ድንጋይዎ አጌት መሆኑንስ አረጋግጠዋል? ሃውላይት፣ ማግኔዛይት ወይም እብነበረድ ከሆነ አሲዱ ራሱን ድንጋዩን ይበላዋል።

አጌትን አረንጓዴ ስለሚያደርጉት የክሮሚየም ጨዎች የጠየቁም ነበሩ። ለዚህ የሚውለው ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው። የቤት ሥራ አይደለም፤ በቃ።

«ተማሪ ነኝ። ነጭ ድንጋይ በምግብ ቀለም ሮዝ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በወሩ ነጣብኝ።»

አይዞሽ እህቴ፣ ፀሐይዋ ናት የበላችብሽ። የምግብ ቀለምና ብዙዎቹ የልብስ ቀለሞች ብርሃን ሲያገኛቸው ይፈርሳሉ። ከብረት የሚመጣ ቀለም ግን ጽኑ ነው። ለምሳሌ የአጌት ቀይ የሚገኘው የብረት ጨው ካስጠጡት በኋላ ድንጋዩን በማጋል ነው። ውስጡ የሚቀረው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የቀይ አፈርም ቀለም ያው እሱ ነው።

ሌላ ጊዜ ቀለም ስትመርጪ ቁራጩን ግማሹን በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለሽ መስኮት ላይ አኑሪው። ከወር በኋላ ፎይሉን ግለጪ። ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ ያ ቀለም ለመሳቢያ እንጂ ለአንገት አይሆንም። እና ቀለም የምታፈዪበት ድስት ተመልሶ ወጥ እንዳይሠራበት አደራ።

«ሃውላይት ሰማያዊ አቅልሜ ሐብል ሠራሁ። ሁሉም ሰው ቱርኩዋዝ የሚባለው ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ነው ይለኛል። እንደዚያ ብዬ ብሸጠውስ?»

አይሆንም። ሲሸጡ «የተቀለመ ሃውላይት» ይበሉት። ሃውላይት ላይ ያለው መረብ የመሰለ ጥቁር ጅማት ቱርኩዋዝን ስለሚያስመስለው ስንቱ ተሸውዷል። ቱርኩዋዝ የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ ከ5 እስከ 6 ሲሆን ሃውላይት 3.5 ነው። የሚያውቅ ገዢ ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክሮ ከጀርባው ቢያሸው፣ ጥጡ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐብሉ ይመለሳል፣ ስምዎም ይጠፋል።

ልንሰናበት ስንል የወንዙ ድንጋይ ባለቤት እንደገና ደወሉ። መስመር ላይ ሆነው ጠብታውን ሞክረውታል። ከጅማቱ በስተግራ ያለው ውሃውን ዋጥ አደረገው። በስተቀኝ ያለው ላይ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቢላም ጫርኩበት አሉ፤ ግራው ተጭሯል፣ ቀኙ ቢላውን አልፈራም።

እንግዲህ ሁለት ድንጋይ ነው ያገኙት። ሁለቱን በአንድ ካቦሾን (ላዩ ክብ ተደርጎ የተወለወለ የጌጥ ድንጋይ) አብሮ መወልወልም መከራ ነው፤ ለስላሳው ቀድሞ ይበላና ጎድጉዶ ይቀራል። በጅማቱ በኩል ይሰንጥቁት። ግራውን ያቅልሙ። ቀኙን እንዳለ ይወልውሉት፤ ግራጫው ራሱ ሳያምር አይቀርም።