«ነጩ ቀሚሴ ፎቶ ላይ ለምን ግራጫ ይሆናል?»፦ ኦንላይን ለሚሸጡ አድማጮች የተሰጡ መልሶች

ዛሬ መስመራችን የተከፈተው በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ እቃ ለሚሸጡ አድማጮች ነው። ጥያቄው ሁሉ ስለ ፎቶ ነው፤ እቃችንን በስልክ እንዴት እናንሳው?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሻጭ «ፎቶው ያምራል ወይ?» ብሎ ይጨነቃል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሞተረኛው በር ላይ ደርሶ ገዢው ፌስታሉን ሲከፍት «አዎ፣ ያየሁት ይሄንኑ ነው» ይላል ወይ? እኛ ጋ ብዙው ገዢ የሚከፍለው እቃውን በእጁ ይዞ ካየ በኋላ ነው። «ይሄ አይደለም» ካለ የሞተሩ ደርሶ መልስ ከሻጩ ኪስ ነው የሚወጣው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከሽሮ ሜዳ የደወሉ እህት፦ «የሀበሻ ቀሚስ ነው የምሸጠው። ባይኔ ሳየው ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ፎቶ ላይ ግን አንዴ ግራጫ፣ አንዴ ቢጫ ይሆንብኛል። የጥበቡም ቀለም ይቀየራል። ስልክ ልቀይር እንዴ?»

ኧረ አይቀይሩ። ግራጫውና ቢጫው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ግራጫው የሚመጣው ከካሜራው ግምት ነው። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ከነጭና ከጥቁር መሀል እንደሆነ አድርጎ ነው ብርሃን የሚለካው። ነጭ ቀሚስ ስክሪኑን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ጥቁር ጃኬት ቢያነሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ አንጥቶ አመድ ያስመስለዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ቀሚሱን በጣትዎ ይንኩት። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። እሷን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይግፏት፣ ነጩ ነጭ እስኪሆን። ግን አያብዙት። የሸማው ድርና ማግ ከፎቶው ላይ ከጠፋ ያ ሁሉ የሸማኔ ልፋት አቡጀዲ መስሎ ይቀራል። ክሩ አሁንም ከታየ ልክ ነው።

ቢጫው የብርሃን ጉዳይ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን ገደማ ነው፣ ቢጫ አምፖል ደግሞ 2700 አካባቢ። ከመስኮትም ከአምፖልም አንድ ላይ ብርሃን ሲወድቅበት የቀሚሱ ግማሽ ወደ ሰማያዊ፣ ግማሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ካሜራው አንዱን ሲያርም ሌላውን ያበላሻል። ቀን ላይ የሚያነሱ ከሆነ አምፖሉን ያጥፉት፣ በቃ።

አካባቢዎንም ዞር ብለው ይዩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል? ከሸራው ስር የተነሳ ነጭ ቀሚስ ሰማያዊ ይጠጣል። አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳም እንደዚያው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አውጥተው አያንሱ፤ እጥፋቱ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሰራል፣ ነጩም ከመጠን በላይ በርቶ ክሩ ይጠፋል። ደመናማ የክረምት ቀን ግን አይለፍዎ። ሰው ሁሉ ሲያማርርበት ለእኛ ሥራ ከእሱ የተሻለ ብርሃን የለም።

ስለ መስኮት ካነሳን፣ የውጭ አገር ቪዲዮዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ፣ ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትም» ይላሉ። ምክሩ ለአውሮፓ ነው የተሰራው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የራቀችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐያችን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ አቅጣጫውን ይተዉት። ፀሐይ ከገባ መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ይጋርዱበት። ነጠላ ብርሃን የሚያለሰልስበት መንገድ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በውድ ከሚገዛው ጨርቅ ብዙም አያንስም።

ጥበቡን ደግሞ ለብቻው ቀርበው ያንሱት፤ ከዚያ ጫፉን ገልብጠው ጀርባውንም ያንሱ። ሽሮ ሜዳ በእግሩ የመጣ ሸማ አዋቂ ገልብጦ ሳያይ ይገዛል? ኦንላይን ያለው ሰውዬ መገልበጥ ስለማይችል እርስዎ ይገልብጡለት። ፊልተር የሚባል ነገር ግን አይንኩ። ቀይ ጥበብ ብርቱካን ሆኖ ተሽጦ የሚመጣውን ጭቅጭቅ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከመርካቶ፣ ጫማ የሚሸጥ ወጣት፦ «ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነው፣ ቻናሌ ላይ ስለቀው ይደበዝዛል። ደግሞ የጫማው አፍንጫ እንደ ጀልባ ይረዝማል። ምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልከው መጠኑን ይቀንሰዋል። እሱ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ስክሪንሾት አንስተህ፣ እሱን ቆርጠህ፣ እንደገና ስትለቀው ነው። በየዙሩ ጥራቱ ይቀንሳል። ሁልጊዜ ከዋናው ፎቶ ተነስ፤ ስታነሳም ጫማው ፍሬሙን ይሙላው፣ ዙሪያውን ባዶ ወለል አታሳይ። ገዢ «ጠጋ አርገህ አሳየኝ» ካለህ ለእሱ ብቻ እንደ ፋይል ላክለት፣ ያኔ ሳይቀነስ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ቤትህ የምታነሳ ከሆነ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽኑን አጥፋው።

አፍንጫው የረዘመው በጣም ስለቀረብክ ነው። ለሌንሱ የቀረበው ነገር ይገዝፋል። አንድ ሜትር ያህል ወደኋላ በልና 2 እጥፍ ዙም አድርግ። ውስጡን ወረቀት ሙላው፣ ጫማው ቅርጹን ይይዛል። ሶሉንና ቁጥሩን አትርሳ። እና ሌንሱን ጥረገው! ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ቅባት ይይዛል፣ ግማሹ «ድብዝዝ» እሱ ነው።

ከፒያሳ፣ የብር ጌጥ የሚሸጡ አባት፦ «መስቀሉ ላይ የራሴ እጅና ስልኩ ይታያሉ።»

አባቴ፣ የተወለወለ ብር መስታወት ነው። ካሜራው ብሩን ብቻ ሳይሆን ብሩ የሚያየውንም ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ብሩ ነጭ ነገር እንዲያይ ያድርጉ። ነጭ ወረቀት በግራም በቀኝም ያቁሙ። ከላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት መሀሉን ለሌንሱ ብቻ ቀደው በዚያ በኩል ያንሱ። ሁሉም ነጭ ከሆነና ጌጡ ከፈዘዘ በአንድ በኩል ቀጭን ጥቁር ወረቀት ይጨምሩ። ያቺ ጥቁር መስመር የመስቀሉን ጠርዝ ታወጣዋለች። ፍላሽ በጭራሽ። ግራሙን ከታች ይጻፉ፣ ፎቶ አይመዝንም።

ከጀሞ፣ ያገለገለ እቃ የሚሸጡ፦ «ጭረቱን ላሳይ? ካሳየሁ ዋጋ ይሰብሩብኛል።»

ያሳዩት፣ ያውም በቅርብ። ዋጋ በስልክ ቢሰበር ይሻላል፣ ወይስ ፍሪጁን በአይሱዙ ጭነው ካደረሱ በኋላ? ጭረቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሌላ የተደበቀ ነገር ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም። ፍሪጅ ከሆነ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የውስጡ መብራት በርቶ ይነሳ። ቴሌቪዥን ከሆነ አንዱ ፎቶ በርቶ ይሁን። ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእርስዎ ፒጃማ ነው፣ በጎን ቁሙ። ስልክ ከሆነ አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ይሸፍኑት፤ እሱን ገዢው በአካል ሲመጣ ያሳዩታል።

ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እህት፦ «መሶብና ሰፌድ በአማዞንና በኤትሲ ልሸጥ ነው። ነጭ ጀርባ ግዴታ ነው?»

አማዞን ላይ ለመጀመሪያው ፎቶ፣ አዎ። ጀርባው ፍጹም ነጭ መሆን አለበት፣ እቃው የፎቶውን 85 በመቶ ይሙላ ይላሉ። ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል ቢያልፍ ገዢው አጉልቶ ማየት ይችላል። ኤትሲ፣ ያ የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ በጀርባ አያስጨንቅም፤ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ ፎቶም ይሄዳል።

ነጭ ካርቶን ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ ሳይታጠፍ ጎበጥ አድርገው ያውርዱት፣ የማዕዘን መስመር አይታይም። ጀርባ የሚቆርጡ አፖች ግን ስፌት ላይ ይሳሳታሉ፣ የመሶቡን ጠርዝ ይበሉታል፤ ከቆረጡ በኋላ ዙሪያውን አጉልተው ይዩ።

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። መሶብ አይቶ የማያውቅ ፈረንጅ ፎቶውን ሲያይ የዳቦ ቅርጫት ይሁን ቁመቱ ወገብ የሚደርስ ይሁን በምን ያውቃል? አንዱ ፎቶ ላይ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሌላው ላይ እንጀራ ተዘርግቶበት ይታይ። ልኩን በኢንችም በሴንቲሜትርም ይጻፉ።

ከሀዋሳ የመጣ የጽሑፍ መልእክት፦ «ሪንግ ላይት ልግዛ?»

ለቲክቶክ ላይቭ ከሆነ ይግዙ። ለእቃ ፎቶ ግን መስኮት ይበልጠዋል። የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ደግሞ ያቺ ክብ መብራት ቀለበት ሆና ትታያለች።

ከመገናኛ፦ «እቃውን ከውጭ ነው የማስመጣው። የፋብሪካውን ፎቶ ብለጥፍ ምን አለበት?»

እቃው እጅዎ ካልገባ «በትዕዛዝ የሚመጣ» ብለው ይጻፉና ይለጥፉት፣ ሰው አውቆ ይዘዝ። እጅዎ ከገባ ግን የራስዎን ያንሱ። ያው ቦርሳ በአሥር ቻናል በአንድ ፎቶ ሲዞር ገዢ የሚያየው ዋጋ ብቻ ነው። የእርስዎ እጅ የያዘው፣ ዚፑ የተከፈተ፣ ውስጡ የታየ ቦርሳ ሲያይ ግን ሱቅዎ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። «ኦሪጅናል ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «አለ ወይ?» የሚለውን ይመልስልዎታል። ሌላ ሻጭ ፎቶዎን እንዳይወስደው የቻናልዎን ስም ሲጽፉበት ጥግ ላይ አይጻፉ፣ አንዴ ሲቆረጥ ይጠፋል። ሳሳ አድርገው ቦርሳው ላይ ያሳልፉት፤ ሌብነቱን ባያቆመውም ያስቸግረዋል።