የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ምኑን ከምን ታነጻጽራላችሁ?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ባለቤቶች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

የቤት ኢንሹራንስ ማደሻ ደብዳቤ ሲመጣና ዋጋው ጨምሮ ስናገኘው አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ እንደውላለን፣ ዝቅ ያለ ቁጥር የጠራልንን እንይዛለን። ዛሬ የምንነግራችሁ ዋና ነገር ያ ቁጥር ለብቻው ምንም እንደማይናገር ነው። ዋጋ የሚወዳደረው ሽፋኑ እኩል ከሆነ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ረከሰ የምንለው ኢንሹራንስ የጎደለው ነው፤ ጉድለቱም የሚታወቀው እሳት ወይም ውኃ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

በቁጥር እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ 2,000 ስኩዌር ፊት ስፋት ያለው ቤት አለ እንበል፤ ገበያው 650,000 ዶላር ይሰጠዋል። ይህን ቁጥር እርሱት፤ መሬቱም ተቆጥሮበታል፣ መሬት ደግሞ አይቃጠልም። ለኢንሹራንስ የሚፈለገው ቤቱ ከመሠረቱ ቢወድም በዛሬው የሠራተኛና የዕቃ ዋጋ መልሶ ለማቆም የሚፈጀው ገንዘብ ነው። በአካባቢያችሁ የሚሠራ ኮንትራክተር ለአንድ ስኩዌር ፊት 250 ዶላር ቢላችሁ 500,000 ዶላር ይመጣል ማለት ነው።

አንደኛው ኩባንያ በዓመት 1,900 ዶላር ጠየቀ፣ ሁለተኛው 1,350። የ550 ዶላር ልዩነት ዓይን ይስባል። አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና «ድዌሊንግ» ወይም «ከቨሬጅ ኤ» የሚለውን፣ የቤቱን ሕንፃ የሽፋን መጠን የሚያሳየውን መስመር ፈልጉ። አንደኛው 500,000 ዶላር ጽፏል፤ ሁለተኛው 320,000። ፕሪሚየሙን፣ ማለትም የዓመቱን ክፍያ፣ ለእያንዳንዱ ሺህ ዶላር ሽፋን ስታካፍሉት አንደኛው 3 ዶላር ከ80 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 4 ዶላር ከ22 ሳንቲም ገደማ ያስከፍላል። ርካሽ የተባለው እንዲያውም ውድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ስሌት የመጀመሪያ ወንፊት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ሽፋን በእጥፍ ስላደገ ፕሪሚየም በእጥፍ አያድግምና። ግን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ወንፊት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በተለመደው ኤች ኦ 3 በሚባለው ፖሊሲ ውስጥ የ80 ከመቶ ደንብ አለ። ቤቱን መልሶ ለመሥራት ከሚፈጀው ቢያንስ 80 ከመቶውን ካልሸፈናችሁ፣ ከፊል ጉዳት ሲደርስም ሙሉ ጥገናው አይከፈልም። በምሳሌያችን 80 ከመቶው 400,000 ነው፤ እናንተ የገዛችሁት 320,000። የወጥ ቤት እሳት የ60,000 ዶላር ጉዳት ቢያደርስ ኩባንያው 320ን ለ400 አካፍሎ 48,000 ያሰላል፤ ከዚያም ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ከጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙትን ድርሻ፣ ይቀንሳል። የእርጅና ቅናሽ የተደረገበት ዋጋ ከዚህ ከበለጠ እሱን ይከፍላል፤ አሮጌ ወጥ ቤት ላይ ግን እምብዛም አይበልጥም። 12,000 ዶላር ከኪስ ወጣ፤ ይህ በየዓመቱ 550 ዶላር «አተረፍን» ያልነውን የ20 ዓመት ያህል ቁጠባ ይበላል። ደግሞም የግቢው ጋራዥ፣ የቤት ዕቃውና ቤቱ እስኪጠገን የምትከራዩበት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሉት ከድዌሊንጉ በመቶኛ ስለሆነ እሱ ሲያንስ ሁሉም አብረው ያንሳሉ።

ቀጥሎ ዲዳክቲብሉን ተመልከቱ። ከ1,000 ወደ 2,500 ስታሳድጉት ፕሪሚየሙ በዓመት በ150 ዶላር ከቀነሰ፣ የተሸከማችሁትን 1,500 ዶላር ለመመለስ 10 ዓመት ያለ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) መቆየት አለባችሁ። በ350 ከቀነሰ ግን ከአራት ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ያኔ ያዋጣል፣ 2,500ው ባንክ ውስጥ ካለ። ለነፋስና ለበረዶ ድንጋይ (ሄይል) የተለየ ዲዳክቲብል መኖሩን በግልጽ ጠይቁ። በመቶኛ ከተጻፈ የሚሰላው ከጉዳቱ ሳይሆን ከድዌሊንጉ ነው። የ500,000 ሁለት ከመቶ 10,000 ዶላር ነው። የበረዶ ድንጋይ ጣሪያችሁን በ12,000 ዶላር ቢያበላሸው የምታገኙት 2,000 ብቻ ይሆናል። በዚያው መስመር ላይ ጣሪያው በአዲስ ዋጋ ነው የሚከፈለው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ የሚለውን እዩ። 15 ዓመት የሞላው ሺንግል (የጣሪያ ክዳን) ላይ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ዕቃን በተመለከተ መደበኛው ፖሊሲ የሚከፍለው እርጅና ተቀንሶ ነው። በአዲስ ዋጋ እንዲከፈላችሁ «ሪፕሌስመንት ኮስት» የሚል ተጨማሪ መግዛት አለባችሁ። ሁለቱም ዋጋ አቅራቢዎች እሱን ማካተታቸውን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስልካችሁን አውጡና ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ፤ ቁም ሣጥኑን ከፍታችሁ፣ የቴሌቪዥኑንና የኮምፒውተሩን ሲሪያል ቁጥር አስጠግታችሁ። ከዚያ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፤ ስልኩ ከቤቱ ጋር ሊቃጠል ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛን ቤቶች በተለይ የሚነካ ነገር አለ፤ ወርቅ። የተለመደው ፖሊሲ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ የሚከፍለው ጣሪያ 1,500 ዶላር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳይሆን ለሁሉም በአንድነት። የእናት ሐብል፣ የሠርግ ቀለበት፣ የልጅ ጥምቀት መስቀል፣ አምባሩ ሁሉ አንድ ላይ 1,500። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ በመደበኛው ውል 200 ዶላር ብቻ ነው። ዕቁብ ሰብሳቢ የሆናችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት፤ የዕቁብ ገንዘብ ቤት ማሳደር የለበትም። ወርቁን በባለሙያ አስገምቱና በስሙ፣ በዋጋው ፖሊሲው ላይ በዝርዝር አስመዝግቡት።

ሌላው ጉዞ ነው። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የምንሄድበት ወር እዚህ ቧንቧ የሚሰነጠቅበት ወር ነው። ማሞቂያውን ለመቆጠብ ብለው አጥፍተው የሄዱ ሰዎች ቧንቧ ቀዝቅዞ ቢፈነዳ ኩባንያው አልከፍልም ማለት ይችላል፤ ፖሊሲው ሙቀት እንዲጠበቅ ወይም ውኃው ከዋናው ተዘግቶ ቧንቧው እንዲራገፍ ይጠይቃልና። ሁለቱንም ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። ዕቃ ወጥቶለት ባዶ የሆነ ቤት ደግሞ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ከቆየ ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው ጥፋት አይሸፈንም።

ቤዝመንት የምታከራዩ፣ ቤታችሁ ውስጥ የሕፃናት መዋያ የምትሠሩ፤ ዋጋ ስትጠይቁ ተናገሩ። ዋጋው እንዳይጨምር ብሎ መደበቅ የከፈላችሁትን ሁሉ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። መደበኛው ፖሊሲ የመዋያ ሥራን ተጠያቂነት አይሸፍንም፤ አንድ ልጅ ወድቆ ቢጎዳ ጠበቃውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ቤዝመንት ካነሳን፣ የፍሳሽ መስመር ሞልቶ ወይም ሰምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ) ቆሞ የሚገባ ውኃ ያለ ተጨማሪ ሽፋን አይከፈልም። የ5,000 ዶላር ሽፋን ወለሉ ለተነጠፈና መታጠቢያ ለተሠራለት ቤዝመንት አይበቃም። ከውጭ የሚመጣ ጎርፍ ደግሞ ጭራሽ የዚህ ፖሊሲ ጉዳይ አይደለም። ኤሊኮት ሲቲን በ2016 እና በ2018 የመታውን ታስታውሳላችሁ። የፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ሥራ የሚጀምረው ግን በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ትንበያ ሰምቶ መግዛት አይጠቅምም።

ኮንዶ ያላችሁ፣ ማኅበሩ ኢንሹራንስ አለው ብላችሁ አትተኙ። በሜሪላንድ ሕግ ጉዳቱ ከእናንተ ቤት ከተነሳ ከማኅበሩ ዲዳክቲብል ብዙ ሺህ ዶላር ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የእናንተ ፖሊሲ ያን ያህል ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ።

ሰው ቤታችሁ ውስጥ ተጎድቶ ቢከሳችሁ በሚከፍለው ሽፋን፣ በተጠያቂነት ላይ አጭር ቃል፦ 100,000 ዶላር አይበቃም። 300,000 ወይም 500,000 አስደርጉት፤ የሚጨምረው ፕሪሚየም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ አጠያየቁ። ማደሻው ከመድረሱ አንድ ወር ተኩል ቀድማችሁ ጀምሩ። ያላችሁን ዲክላሬሽን ፔጅ፣ ሽፋኖቹና ዋጋው በአጭሩ የተዘረዘሩበትን የፖሊሲውን ገጽ፣ አውጡና በላዩ ያሉትን የሽፋን ቁጥሮች ዛሬ ባየነው መሠረት ካስተካከላችሁ በኋላ ያንኑ ወረቀት ለሁሉም ላኩ። ከሦስት እስከ አምስት ዋጋ ይበቃል፤ አንዱን ለአንድ ኩባንያ ብቻ ከሚሠራ ኤጀንት፣ አንዱን የብዙ ኩባንያዎችን ከሚሸጥ፣ አንዱን በቀጥታ ከኩባንያው። የጣሪያውን ዕድሜ በትክክል ተናገሩ፤ በኦንላይን ቅጽ ላይ ኮምፒውተሩ በግምት አዲስ አድርጎት ከሆነ ዋጋው በምርመራ ጊዜ ይለወጣል። ያለፉ ክሌሞቻችሁ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ክሉ (CLUE) በሚባለው መዝገብ ላይ ይታያሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ ማየት መብታችሁ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ክሌምም በቤቱ ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። በቨርጂኒያ ክሬዲታችሁ ዋጋውን ሊነካ ይችላል፤ በሜሪላንድ ግን ለቤት ኢንሹራንስ ክሬዲት መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው። መኪናና ቤት አንድ ላይ ሲባል የሁለቱን ድምር አወዳድሩ፤ በቤቱ ቀንሶ በመኪናው የሚያስመልስ አለ።

ሁለት ዋጋ ተቀራርቦ ሲመጣ የኩባንያውን የቅሬታ ልክ እዩ። የስቴት ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በድረ ገጹ ያወጣዋል፤ 1.00 አማካይ ነው፣ 3 የሆነ ኩባንያ ከገበያ ድርሻው አንጻር ሦስት እጥፍ ቅሬታ ይቀርብበታል። ለእኛ በዓመት 100 ዶላር ጨምሮ ክሌም ሳያንገላታ የሚከፍል ይሻላል።

ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። አዲሱ ፖሊሲ የሚጀምርበት ቀን በጽሑፍ በእጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን አትሰርዙ። የሞርጌጁ ባንክ ስም በአዲሱ ላይ በትክክል መጻፉን እዩ፤ ባንኩ አዲሱን ካላገኘ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ይገዛና ሒሳቡን በእናንተ ላይ ይጨምራል፤ ያም በዋናነት የሚጠብቀው ባንኩን ነው። ከአሮጌው ኩባንያ የሚመለሰው ገንዘብ ቼክ ሆኖ ቤት ከመጣ ወደ ኤስክሮው ሒሳባችሁ፣ ባንኩ ኢንሹራንሱን ወደሚከፍልበት ሒሳብ፣ መልሱት።

ዲክላሬሽን ፔጃችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ኋላ ጠረጴዛዎቹ እለፉ። እስክሪብቶና ካልኩሌተር አዘጋጅተናል፤ ከድዌሊንጉ መስመር እንጀምራለን።